አኒየኔን ሽቅብ፣ ከመርዶዬ በፊት

በዚያ እሑድ ከሮም ወደ ሱቢያኮ የወጣነው ሦስት ሰዎች ነበርን። እኔ የሄድኩት ወንዝ ላሳያቸው ነው። እነሱ የሄዱት የወንድሜን ሞት ሊደብቁኝ ነው። ይህን የጉዞ ማስታወሻ ስጽፍ ያን ቀን እንደ ነበርኩት፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው ሆኜ ልተርከው ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ እናንተም ከመነሻው እወቁት፤ ታናሽ ወንድሜ ስዩም አዲስ አበባ እስር ቤት ውስጥ ሞቷል። አብረውኝ የተሳፈሩት ሁለቱ ያውቃሉ። እኔ ግን ሲፈታ ስለሚተኛበት አልጋ አወራለሁ።

አዲስ አበባ ሳለሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ደርግ ትምህርት ቤታችንን ከበተነው በኋላ እንደምንም ሮም ገባሁ፤ አሁን አልጋ የያዙ አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ አስታምማለሁ። ያም ሆኖ እዚህ ያለው ሐበሻ "መምህር" ነው የሚለኝ፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ ሊያሾፍብኝ። የሚያሾፉብኝ በወንዝ ፍቅሬ ነው። ወንዝ ስል ደግሞ ትልቁን አይደለም፤ ገባሩን ነው። ተማሪዎቼን ስለ ቻይና ሳስተምር ቢጫውን ወንዝ በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨርሼ ወደ ገባሩ ወደ ዌይ እሮጥ ነበር። "የጥንቶቹ የቻይና ነገሥታት መናገሻቸውን የቆረቆሩት በዚህ በገባሩ ሸለቆ ነው፤ ነፋስ ተሸክሞ ያመጣው ለም አፈር ያለው እዚህ ነው" እያልኩ ጠመኔ እጨርሳለሁ። ዌይም በተራው ጂንግ የሚባል ገባር አለው። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ጥርት ያለ፣ አንዱ ድፍርስ፣ ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ይሄዳሉ ይባላል። ይህን ስናገር በዓይኔ ያየሁት ነበር የሚመስለው። ቻይና ማን ወስዶኝ!

ሮም ስገባ ታዲያ ቲቤርን ትቼ ገባሩን አኒየኔን ያዝኩ። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ የቤት ሠራተኛው ሐበሻ ሁሉ ዕረፍት ወጥቶ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሲሰበሰብ፣ እኔ "ኑ እንጂ፣ አኒየኔን ላሳያችሁ" እያልኩ እለምናለሁ። ከሚያሾፉብኝ ሁሉ የሚብሰው ተስፋዝጊ ነው። ተስፋዝጊ የአስመራ ልጅ፣ ካቶሊክ፣ በአማርኛ የተማረ፣ ፔንሲዮኔ በሚሉት በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ማድ ቤት የሚሠራ የልብ ወዳጄ ነው። "መምህር፣ ውኃ ውኃ ነው። ከፈለግህ ማድ ቤታችን ውስጥ ቧንቧ አለልህ፤ ቁጭ ብለህ እየው" ይለኛል።

ይኸው ሰው አንድ ሐሙስ መጣና "አሎራ፣ እንግዲህ መምህር፣ እሑድ ያን ወንዝህን አሳየን። እትዬ ተዋበችም ይመጣሉ" አለኝ።

እትዬ ተዋበች ከሁላችንም ቀድመው ሮም የገቡ፣ አንድ የሀብታም ቤት የሚያስተዳድሩ፣ ልጅ ያልወለዱ ግን የሁላችን እናት የሆኑ ሴት ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከቤታቸው ፎቅ ለመውረድ እንኳ ይማረራሉ። እሳቸው ወንዝ ሊያዩ! ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አንድም ጊዜ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ሰው በመጨረሻ ቁም ነገር ገባው ብዬ ኮራሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚያ ሳምንት አንዲት ሴት ከአዲስ አበባ ለሥራ መጣችና የስዩምን ነገር ለእትዬ ተዋበች ነገረቻቸው። በእኛ ወግ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ሰውየው በልቶ፣ ተኝቶ ያድርና ጎህ ሲቀድ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ቤቱ ድረስ ሄዶ ነው የሚያረዳው። ሮም ያለው ወዳጅ ዘመዴ ደግሞ በየሲኞራው ቤት የታሰረ ሠራተኛ ነው፤ እሑድም የሚለቀቀው ሲኞራውን ቁርስ ካበላ በኋላ ነው፤ ለጎህ ተፈቅዶለት ሊሰበሰብ የቻለው ሰኞ ነው። እሑድ ታዲያ እኔ ቴርሚኒ ብሄድ አንዱ ባለማወቅ "እግዚአብሔር ያጽናህ" ሊለኝ ነው። እኔን ከቴርሚኒ የሚያርቅ አንድ ነገር ቢፈልጉ ወንዜን አገኙ።

ፖንቴ ማሞሎ፣ ጠዋት

ተስፋዝጊ "ከቴርሚኒ አንነሳም፤ እዚያ ግፊያ ነው" ስላለ ከከተማው ምሥራቅ ዳርቻ ለመሳፈር ተስማማን። ለእኔ ይህ ምርቃት ነበር። የቲቡርቲና መንገድ አኒየኔን የሚሻገረው እዚያው ፖንቴ ማሞሎ ላይ ነውና! ጥቅምት ነበር፤ ጭጋጉ ከውኃው ገና አልተነሳም። ዳርና ዳሩ ሸምበቆ ነው፤ ከሸምበቆው ወዲያ ከቆርቆሮና ከእንጨት የተመቱ የድሆች ቤቶች፣ የታሰረ ውሻ፣ የተሰጣ ልብስ። ውኃው ቡናማ ሆኖ አረፋ ይዟል።

"ይኸው ነው?" አለ ተስፋዝጊ።

"ይኸው ነው! ግን ይህን አይተህ አትፍረድበት። ይህ ከተማ የበላው ውኃ ነው። ከሲምብሩይኒ ተራሮች ሲነሳ እንደ መስታወት ነው። ከዚህ ትንሽ ወረድ ብሎ ቲቤር ውስጥ ይገባል። የጥንቷ ሮም የጠጣችው እኮ ቲቤርን አይደለም፤ ይህንና የዚህን ሸለቆ ምንጮች ነው፤ በድንጋይ ቦይ፣ ተራራ ሰንጥቀው፣ ሸለቆ ላይ ቅስት ደርድረው ያመጡት።"

ተስፋዝጊ ራሱን ነቀነቀ። "ቦዩ ስንት ነበር?" አለኝ።

ጠየቀኝ! ተስፋዝጊ ስለ ውኃ ጥያቄ ጠየቀኝ! "ከዚህ ሸለቆ ብቻ አራት ታላላቅ" ብዬ ስማቸውን ሁሉ ዘረዘርኩለት። እንዲህ አፌን ስከፍት እትዬ ተዋበችን አየሁ። ነጠላቸውን ከካፖርታቸው በላይ ደርበዋል፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገታቸው ሥር ዞሯል።

"እትዬ፣ ነጠላዎን ዘቅዝቀውታል እኮ። ማን ሞቶብዎት ነው?" ብዬ ሳቅሁ።

ደንገጥ ብለው አወለቁትና ገልብጠው ለበሱት። "በጥድፊያ ነው፣ ልጄ። ጨለማ ነበር ስወጣ" አሉ። ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። አውቶቡሱ እስኪመጣ ወደኔ አልተመለሱም።

እስከ ቲቮሊ

ትኬቱ ውድ አይደለም፤ አንድ ሰው ቁርሱን ባር ቤት ቆሞ ከሚበላበት ብዙ አያልፍም። ተስፋዝጊ ለሦስታችንም ከፈለ። እትዬ ተዋበች ገና ከመቀመጣችን በጨርቅ የታሰረ ሰሐን ፈቱ፤ በፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ በርበሬ የተሠራ የጥጃ ሥጋ ጥብስ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ። "ብላ" አሉኝ። በላሁ። "ጨምር" አሉኝ። ጨመርኩ። ከዚያ በእጃቸው ያጎርሱኝ ጀመር። ጣሊያኖቹ ዞር ዞር እያሉ ያዩናል።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ሙሽራ አይደለሁም!"

"አንተ ዝም ብለህ ብላ። ሰውነትህ አልቋል።"

መንገዱ ላይ የድኝ ውኃ የሚፈልቅበት ቦታ አለ፤ መስኮቱ ዝግ ቢሆንም የበሰበሰ እንቁላል ሽታ አውቶቡሱን ሞላው። ተስፋዝጊ አፍንጫውን ያዘ። እኔ ግን ይህን ሽታ ስጠብቅ ነበር። ነጩ የሮም ድንጋይ የሚወጣው ከዚሁ ሜዳ ነው፤ ኮሎሴዎ የተሠራበትን ድንጋይ በጀልባ የጫኑት በአኒየኔ ላይ ነው አልኳቸው። ግራና ቀኝ የተቆረጠ ድንጋይ እንደ ስኳር ተከምሯል።

ከዚያ ወሬዬ ወደ ስዩም ሄደ። ምን ጊዜም ወደሱ ይሄዳል። ለስዩም ሥራ አግኝቼለታለሁ፤ የሽማግሌዬ ሕንፃ ዘበኛ ጡረታ ሊወጣ ነው፣ ቦታውን ሊያቆዩልኝ ቃል ገብተዋል። ክፍሌ ውስጥ ሁለተኛ አልጋ አስገብቻለሁ፤ ከነ ፍራሹ፣ ከነ ብርድ ልብሱ። "መቼም ሲፈታ ፔርሜሶው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ትንሽ ያስቸግር ይሆናል" አልኩ፣ "ግን ሌላው አልቋል።"

ተስፋዝጊ መስኮቱን ያያል። እትዬ ተዋበች ሌላ እንቁላል ይልጣሉ።

"ሕፃን ሆኖ" አልኩ፣ "ቀበና ድልድይ ላይ ቆመን 'ይህ ወዴት ይሄዳል?' ይለኛል። ወደ አቃቂ። 'አቃቂስ?' ወደ አዋሽ። 'አዋሽስ?' አዋሽማ አፋር በረሃ ውስጥ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። 'ባሕር ሳይደርስ?' ሳይደርስ። ቁጭ ብሎ አለቀሰ እኮ! ለውኃ! እኔ እንግዲህ አስተማሪ መሆን አለብኝ ያልኩት ያን ዕለት ነው።"

ሳቅሁ። ተስፋዝጊም ሊስቅ ሞከረ፤ ወዲያው አፉን በመዳፉ ሸፈነ። ማስመለስ የመጣበት መስሎኝ ከረሜላ ሰጠሁት።

ቲቮሊ፣ ፏፏቴው አጠገብ

ቲቮሊ ላይ ወንዙ ከተራራ ወደ ሜዳ ይወረወራል። ድሮ በጎርፍ ከተማውን እየበላ ስላስቸገረ ተራራውን ሁለት ቦታ በስተው አቅጣጫውን አስቀየሩት፤ አሁን ከዋሻ ወጥቶ ገደል ይገባል። የውኃው ጭስ ፊት ያረጥባል፤ ለመነጋገር መጮህ ያስፈልጋል። ከወዲያኛው አፋፍ ላይ ክብ የሆነ የጥንት ቤተ ጣዖት ቆሟል፤ አምዶቹ ግማሽ ናቸው። የብረት መከላከያውን ተደግፌ፣ እንደ ክፍል ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ የስሙን ታሪክ ነገርኳቸው።

"ጥንት አኒዮ የሚባል ንጉሥ ነበር አሉ። አንድ ልጅ ነበረችው። አንዱ ጠልፎ ወሰዳት። ንጉሡ ሲያባርር ሲያባርር እዚህ ወንዝ ዳር ደረሰ፤ ሊደርስባቸው እንዳልቻለ ሲያውቅ ዘሎ ገባ። ሰጠመ። ወንዙ የቀድሞ ስሙ ቀርቶ በሱ ተጠራ።"

እትዬ ተዋበች እጄን ያዙኝ፤ ያዙኝ ስላችሁ ክንዴን ጨምድደው ነው። "ከዚያ ብረት ራቅ" አሉኝ።

"ኧረ አልወድቅም!"

"ራቅ አልኩህ!"

ራቅሁ። ከፏፏቴው ጭስ ይሁን ከእንባ ጉንጫቸው ርሷል። "ለብቻው ስለነበረ ነው" አሉ።

"ማን?"

"ያ ንጉሥ። ብቻውን ሰማ፣ ብቻውን ገባ። ቀስ ብሎ የሚያረዳው፣ ይዞት የሚያለቅስ ሰው ቢኖር ኖሮ አይገባም ነበር። አገሩ ሰው አልነበረውም እንዴ?"

እኔ ይህን እንደ ታሪክ ትችት ወስጄ "ዋናው ምንጭ ስለ አጃቢዎቹ አይናገርም" አልኩ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ይለኛል።

ሱቢያኮ

ከቲቮሊ በላይ ሸለቆው እየጠበበ ይሄዳል። መንደሮቹ ጫፍ ጫፍ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ወይኑ ተለቅሟል፣ ቅጠሉ ቀልቷል። ወንዙ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይታያል፤ ከፍ ባልን ቁጥር ይጠራል። ጠጠሩ ሲቆጠር ሳይ ልጅነቴ መጣብኝ፤ ደስ አለኝ። ልንገራችሁ፣ ከአገሬ ከወጣሁ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ምሳ በድልድዩ አጠገብ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት በላን። ከዚያው ወንዝ የተያዘ ዓሣ፣ ፓስታ፣ የቤት ወይን። እትዬ ተዋበች ሳይጠይቁኝ ሁለተኛ ሰሐን አዘዙልኝ፤ የራሳቸውን አልነኩም። ባለቤቱ ሳህናቸውን አይቶ ዓሣው አልጣማቸውም እንዴ ብሎ ተቆጣ።

"ሆዴን አሞኝ ነው" አሉት በጣሊያንኛ።

ከምሳ በኋላ በእግር ወደ ፍርስራሹ ወጣን። ኔሮ እዚህ ቤተ መንግሥት ነበረው። ወንዙን በግድብ ዘግቶ ሦስት ሐይቅ ሠራ፤ አንዱ ከአንዱ በላይ። ሱቢያኮ የሚለው ስም ራሱ ከሐይቆቹ በታች ማለት ነው። ትልቁ ግድብ ከሺህ ዓመት በላይ ቆሞ ጎርፍ ሰበረው፤ መነኮሳት ውኃው እርሻቸውን ሲያጥለቀልቅ ከግድቡ ጥቂት ድንጋይ አንስተው ነው የሚሉም አሉ። አሁን ሐይቅ የለም። ሣር የበቀለበት ግንብና ከታች የሚያጓራ ውኃ ብቻ ነው። ከላይ ገደሉ ላይ የተለጠፈው ገዳም ይታያል፤ ቅዱስ ቤኔዴቶ በወጣትነቱ ብቻውን የተቀመጠበት ዋሻ እዚያ ነው፤ አንድ መነኩሴ ዳቦ በገመድ ያወርድለት ነበር።

"ቫ ቤኔ፣ እሺ መምህር" አለ ተስፋዝጊ፣ "ሦስቱም ሐይቅ ደረቁ ማለት ነው?"

"ደረቁ አይባልም። ውኃው መንገዱን ቀጠለ።"

ግንቡን በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ ቀና ሳይል "ስለ ቀበናው ደግመህ ንገረኝ" አለ። ደገምኩለት። ልቅም አድርጎ ሰማኝ።

ስንመለስ መንገድ ዳር ካስታኛ የሚሉትን የዛፍ ፍሬ ጠብሳ የምትሸጥ አሮጊት ነበረች። እትዬ ተዋበች ከኋላችን ቀርተው አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አሮጊቷ እሳቷን ትታ ጎንበስ ብላ ማን ሞቶባቸው እንደሆነ ስትጠይቃቸው ሰማሁ።

"ልጅ" አሉ በጣሊያንኛ። "ወንድ ልጅ።"

አሮጊቷ አማተበችና በትኩስ ካስታኛ የሞላ ወረቀት እጃቸው ላይ አኖረች፤ ገንዘብ አልቀበልም አለች። እኔ ግራ ገባኝ። እትዬ ተዋበች ወልደው አያውቁም። ምናልባት ድሮ፣ ለማንም ያልነገሩት ልጅ ነበራቸው ይሆን ብዬ አዘንኩላቸውና ሳልጠይቅ አለፍኩ። ካስታኛውንም ያበሉት እኔን ነው።

ከዚያ ወዲያ ወደ ምንጩ የሚወስድ አውቶቡስ በእሑድ አልነበረም። ተበሳጨሁ። "ምንጩን ሳያዩ ወንዝ አየሁ አይባልም!" አልኩ።

"ሌላ ጊዜ ታሳየናለህ" አሉ እትዬ ተዋበች። "አሁን ግባና ተኛ። እረፍ።"

ወደ ቤት

በመልሱ መንገድ ሁለቱ ከግራና ከቀኜ ተቀመጡ። መሐላቸው እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ስነቃ እኚያ የታመመ ጉልበት ያላቸው ሴት ካፖርታቸውን አውልቀው አልብሰውኛል።

ኤስኩሊኖ ሰፈር ያለው ክፍሌ ድረስ ሸኙኝ። እትዬ ተዋበች ከደጅ ተመለሱ። ተስፋዝጊ ግን ደክሞኛልና እዚሁ ልደር አለ። "እንኳን ደህና መጣህ፤ የስዩም አልጋ አለ" አልኩት።

"ወለሉ ይሻለኛል።"

"አንተ ሰው! ፍራሽ እያለ?"

"ወገቤን ስለሚያመኝ ነው።" ብርድ ልብስ አንጥፎ ወለሉ ላይ፣ በእኔና በበሩ መካከል ተኛ። ተናደድኩበት። ለወንድሜ ብዬ ያዘጋጀሁትን አልጋ የተጸየፈብኝ መሰለኝ። በቁጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እንቅልፌን ለጠጥኩ። በልቼ፣ ጠግቤ፣ ተኝቼ አደርኩ። እንደ ወጉ።

ጎህ ሲቀድ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ። በዚያ ሰዓት ብዙ ሆኖ፣ ድምፁን አጥፍቶ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ተስፋዝጊ ልብሱን ለብሶ በሩ ሥር ቆሟል። ከፈተው። ከፊት እትዬ ተዋበች ናቸው፤ ነጠላቸው ተዘቅዝቋል።

አንድ ቃል ሳይናገሩ ሁሉንም አወቅሁት። ነጠላው፣ እንቁላሉ፣ ብረቱ፣ ካስታኛው፣ አልጋው፤ የትናንቱ ቀን በሙሉ በአንድ ጊዜ ተገለበጠብኝ። "ስዩሜ!" ብዬ ስጮህ ተስፋዝጊ ከኋላዬ እቅፍ አድርጎ ይዞኝ ነበር። ሬሳውንም አገር ቤት ላሉት ቤተሰቦቻችን አልሰጧቸውም። የት እንደጣሉት የሚያውቅ የለም።

ሐዘንተኛን ዝም ብሎ ማየት ነውር ነውና፣ ሠልስት ዕለት ክፍሌ በሰው ተጨናንቆ ሳለ ሊያጫውቱኝ ሞከሩ። እኔ ከሰኞ ጀምሮ ከለቅሶ በቀር አፌን አልከፈትኩም፤ እህል አልቀመስኩም። የሲኞሮቻቸውን ወሬ አወሩ፣ አልሰማሁም። ከዚያ ተስፋዝጊ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እሑድ መምህር ወንዝ አሳይቶን ነበር" አለ። "አኒየኔ ይባላል። ከሲምብሩይኒ ተራሮች ይነሳል፤ ጥንት ሮም የጠጣችው እሱን ነው፤ የኮሎሴዎ ድንጋይ የመጣው በሱ ነው።" አንድ በአንድ፣ እኔ እንዳልኩት፣ በኔ ቃል ይናገራል። እንዴት አድርጎ ያዘው! "ከዚያ ኔሮ ወንዙን ገድቦ ሱቢያኮ ላይ ሁለት ሐይቅ ሠራ።"

"ሦስት" አልኩ።

ተስፋዝጊ ዞር ብሎ አየኝ። ሆን ብሎ እንደሳተው ዓይኑ ላይ አየሁት፤ ግንቡን እየዳሰሰ ራሱ "ሦስቱም" ብሎ ጠይቆኝ ነበር እኮ።

"ሦስት ነው እንዴ?" አለ። "ከዚያስ ውኃው ወዴት ይሄዳል?"

"ወደ ቲቮሊ።"

"ከቲቮሊስ?"

"በፖንቴ ማሞሎ አድርጎ ወደ ቲቤር።"

"ቲቤርስ?"

ያን ቀን ቀልድ አድርጌ ያወራሁት የሕፃን ልጅ ጥያቄ መሆኑን ያወቅሁት እዚህ ላይ ነው። እንባዬ ወረደ፤ ግን መለስኩለት።

"ባሕር" አልኩ። "ይህኛው ባሕር ይደርሳል።"

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ የሚለኝ ሰው ቢኖር የምመልስለት ይህን ነው። አንድ ቀን ሙሉ ስለ ውኃ ስለፈልፍ፣ ሁለት ሰዎች ሐዘኔን ለራሳቸው ተሸክመው ሰምተውኛል። ድፍርሱና የጠራው ውኃ ጎን ለጎን ሄዱ፤ እኔ የጠራው ነበርኩ፣ እነሱ እንዳልደፈርስ ጠበቁኝ። ምንጩን ገና አላየነውም፤ ለመሄድ ተቀጣጥረናል። የስዩምን አልጋ ለእንግዳ አልሰጠሁትም፤ እንደተነጠፈ ነው።

ያን የሠልስት ዕለት እትዬ ተዋበች መልሴን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። አጠገቤ መጡና ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ አስጠጉ።

"በል፣ ልጄ" አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ።